የሽማግሌው የፊት ጥርስ

ከሮተርዳም ወደ አምስተርዳም የሚሄደው የረፋዱ ባቡር ገና ከጣቢያው ሳይወጣ፣ አቶ አድማሴ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ መሐረብ አወጡ። ግራ ቀኝ አዩ። ከፊት ለፊታቸው አንዲት ጠይም ወጣት ወፍራም መጽሐፍ ላይ አቀርቅራለች፤ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ጋዜጣውን ዘርግቷል። ማንም እንደማያያቸው ካረጋገጡ በኋላ መሐረቡን ጉልበታቸው ላይ ፈቱት። ውስጡ አንድ የፊት ጥርስ ነበረ፤ ከሥሩም ከክብሪት ራስ እምብዛም የማትረዝም ብረት ወጥታበታለች።

«አንቺ ጉደኛ!» አሉ ጥርሳቸውን እየወቀሱ። «በስንቱ ሰው ፊት አዋረድሽኝ!»

«ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አለች ከፊታቸው የተቀመጠችው ወጣት በጠራ አማርኛ። «ብረቷ አጥራ ነው።»

አቶ አድማሴ ክው አሉ። መሐረቡን አፈፍ አድርገው ጨበጡና አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። በዚህ አገር ሰባት ዓመት ሲኖሩ ባቡር ውስጥ ሰው ሰውን እንደማያናግር ተምረዋል። አሁን ግን አንዲት ልጅ የገዛ ጥርሳቸውን አይታ በገዛ ቋንቋቸው ፍርድ ሰጠች!

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለች ልጅቱ መጽሐፏን እየዘጋች። «ሳልጠራ ገባሁ። የትነበርሽ እባላለሁ፤ አምስተልቨን ነው የምኖረው። አምስተርዳም የጥርስ ሕክምና እማራለሁ፣ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ አፌ አያርፍልኝም።»

«አድማሴ እባላለሁ» አሉ እሳቸውም ከሻርፑ ሥር። «የሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ጥርስ የምታውቂ ከሆነ ደግ፤ ብቻ ዘግይተሻል። አሁን ዴንሃግ ስንደርስ እወርዳለሁ፤ አምስት ሰዓት ላይ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ። የቀረውን ሥር ነቅሎ ይጥልልኛል። የታመመ ጥርስ መድኃኒቱ ጉጠት ነው።»

«ያምዎታል?»

«ምን ያመኛል! አዋረደኝ እንጂ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሟች ጓደኛቸው ልጅ ግርማ፣ ዞተርሜር የምትኖረውን ብርነሽን ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። አባቷ አቶ ባዩ ግን አገር ቢቀየር ወግ የማይቀይሩ ሰው ናቸውና «ሽማግሌ ይላክብኝ» አሉ። ባለፈው እሑድ አቶ አድማሴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሄዱ። ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ልጅዎን...» ብለው ገና አፋቸውን ሞልተው ሲናገሩ የፊት ጥርሳቸው ከነብረቷ ተስፈንጥራ ከአቶ ባዩ የሻይ ብርጭቆ ሥር አረፈች። የአቶ ባዩ እኅት ወይዘሮ አበባይሽ «በስመ አብ! የፊት ጥርስ ረገፈ! ይኼማ የሰው ነገር ነው!» ብለው ጮኹ። የፊት ጥርስ በሕልም ሲወልቅ እንኳ የቅርብ ዘመድ ሞት ነው ሲባል ሰምቶ ያደገ ቤተሰብ፣ በቀን፣ በሽምግልና መካከል ወልቆ ሲያይ ምን ይበል? አቶ ባዩ «ገድ የለውም፣ ይቅር» ብለው ተነሡ። ከብዙ ልመና በኋላ ብቻ አንድ ቀጠሮ ሰጡ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ የጀመረው ሽማግሌ ራሱ መጥቶ ይጨርስ፤ ሌላ ሰው አልቀበልም፤ ያን ዕለት ካልሆነ ልጄን ለግርማ አልሰጥም አሉ።

ይህ ሁሉ የሆነው በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. የካቲት ሲብት ነው። እሑዱ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ከጥቂት ቀን ቀርቶታል። የአቶ አድማሴ ልብ ግን ተሰብሯል። ኪሳቸው ውስጥ ለግርማ የጻፉት ደብዳቤ አለ፤ «በጎደለ አፍ ሰው አይዳርም፤ ሽምግልናውን ትቻለሁና ይቅር በለኝ» ይላል። ይህ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ከገባ የሁለቱ ልጆች ነገር አበቃ ማለት ነው።

የትነበርሽ ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ ለመሳቅም ለማዘንም ተቸገረች።

«ከዚህ በፊትስ ወልቆብዎት ያውቃል?»

«አንድ ጊዜ። እኔው ራሴ መለስኩት፤ በመጋዘኑ ማጣበቂያ።»

«በምን?»

«የእንጨት ሣጥን የምንለጥፍበት አለ። አትናቂው፣ አሥራ አንድ ቀን ይዞልኛል።»

የትነበርሽ ዓይኗን ጨፈነች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

«እስቲ ወደ ብርሃኑ ዞር በልና አፍህን ክፈት» አለች፣ ክሊኒክ ውስጥ ያለች መስሏት። የሽማግሌው ቅንድብ ወደ ላይ ሲሰቀል ባየች ጊዜ ፊቷ ቀላ። «ውይ፣ ይክፈቱ! ይክፈቱ ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ደች ስናገር ስለምውል ነው።»

አቶ አድማሴ በዚህ አገር ያደጉ ልጆችን ጠባይ ያውቃሉና ይቅር ብለው ሻርፓቸውን ዝቅ አደረጉ። ልጅቱ አየች፤ ከዚያም የወደቀችውን ጥርስ ተቀብላ በጥፍሯ ለካች።

«ሥሩ በቦታው አለ፤ ድዱም ደህና ይመስላል። ይህች ከላይ የምትታየው ጥርስ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ያህል ናት። ሥሩ ውስጥ የገባው ስቲፍት፣ ብረቷ ማለቴ ነው፣ ሦስት እንኳ በቅጡ አይሞላም። ሐኪሙ ለምን እንዲህ አሳጠረው?»

አቶ አድማሴ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከውጭ ቦዩ ግግር በረዶ ሆኖ ልጅ አዋቂው ይንሸራተትበታል።

«እኔ ነኝ ያሳጠርኩት» አሉ ቀስ ብለው።

«እርስዎ?»

«የላይኛው ጥርስ ሥር ከዓይን ሥር ጋር የተያያዘ ነው። አባቴ ብሎኛል፣ አያቴም ብሎኛል። የላይ ጥርሱን አስነቅሎ ዓይኑ የፈሰሰ ሰውም በአገሬ አውቃለሁ። ሐኪሙ ነርቩን ሲያወጣ አደንዝዞኝ ስለነበር አላወቅሁበትም። የሥሩን ቦይ ደፍኖ ሲያበቃ ለብረቱ ወደ ውስጥ ሊሰረስር ሲጀምር ግን ንዝረቱ ዓይኔ ሥር ገባ። እጁን ለቀም አደረግሁና ‹ስቶፕ!› አልሁ። ሁለተኛ ሞከረ፤ ሁለተኛም ያዝሁት። በሦስተኛው ትከሻውን ነቀነቀና ባገኘው ጥልቀት ተከለው። ‹ጌታው፣ ይህ አይበረክትም› ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ከነሥሩ ሊያስነቅሉት ሲሄዱ ዓይንዎ አላሳሰብዎትም?»

«ልጄ፣ ያን ሁሉ ውርደት ያየ ዓይን ከዚህ በኋላ ባያይም አይቆጨውም።»

የትነበርሽ ይህን ስትሰማ ቀልዱ ሁሉ ጠፋባት። ተጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ አባትዎ ያዩትን አይተዋል፤ ውሸት አልነገሩዎትም። ምክንያቱን ግን የሚነግራቸው አላገኙም። የፊት ጥርስ ሥር የሚያበቃው መንጋጋው አጥንት ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ የአፍንጫ ወለል አለ። ዓይን ሌላ ቤት ነው፤ የሚያይበት ነርቭም ከኋላ በኩል ነው የሚገባው። የተበላሸ ጥርስ ለብዙ ጊዜ ሳይታከም ሲቀርና ሲመግል ግን እብጠቱ ወጥቶ እስከ ዓይን ሥር ሊደርስ ይችላል። ያ ሰውዬ ዓይኑን ያጣው ስላስነቀለ አይመስለኝም፤ እስኪመግል ስለጠበቀ ይሆናል።»

«አንደበትሽ ጥሩ ነው» አሉ አቶ አድማሴ። «ግን አንደበት ጥርስ አይተክልም።»

«አገር ቤት ሥራዎ ምን ነበር?»

ይህን ሲጠየቁ ያ የተሰበረ ሰው ቀና አለ። «ካቦ! የስልክ እንጨት ተካዮች ካቦ ነበርሁ። ከደብረ ብርሃን እስከ ደሴ ያለው መስመር በእጄ አልፏል።»

«ዘጠኝ ሜትር እንጨት ስንት ያስቀብሩት ነበር?»

«ሜትር ተኩል። አንዲት ጣት አትጎድልም።»

«አንዱ ሠራተኛ ድንጋይ አጋጠመኝ ብሎ ግማሽ ሜትር ላይ ቢተክለውስ?»

«አንዱ ሞክሮኛል! ያንኑ ዕለት አስነቅዬ እንደገና አስቆፈርሁት። ‹ነፋስ ሰበብህን አይጠይቅም› ነበር ያልሁት።»

የትነበርሽ የወለቀችውን ጥርስ በሁለት ጣቷ ይዛ ከነአጭር ብረቷ ፊታቸው አቆመችላቸው። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ? አቶ አድማሴ አዩ፤ አሁንም አዩ።

«ለካ ድንጋይ አጋጠመኝ ያለው ሰው እኔ ነኝ» አሉ።

ሰው በሥራው ላይ አዋቂ ሆኖ በገዛ አካሉ ላይ መሃይም ሲሆን ማየት የተለመደ ነው። የሌላውን ጉድጓድ በሜትር የሚለካ ካቦ የራሱ ጥርስ ላይ ሲደርስ ሜትሩን ጥሎ ወሬ ያነሣል። በዚህ አቶ አድማሴ የመጀመሪያው አይደሉም፤ ይህን የሚያነብም ራሱን ይመርምር። ይሁን እንጂ ካቦ በቀላሉ እጅ አይሰጥም።

«ቆይ» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ሜትር ተኩል የዘጠኝ ሜትር አንድ ስድስተኛ ነው። በዚያ ስሌት ለዚህች ጥርስ ሚሊ ሜትር ተኩል ይበቃታል። እኔ ሦስት ሰጥቻታለሁ፤ እጥፍ!»

«እንጨቱ የሚታገለው ከነፋስ ጋር ነው፤ ነፋስ ደግሞ ያርፋል። የፊት ጥርስን ግን ምላስ ከኋላ፣ ከንፈር ከፊት፣ የታችኛው ጥርስ ከሥር ይገፉታል። ዳቦ በገመጡ ቁጥርም ወደ ውጭ ያጋድላል። ስለዚህ ብረቱ ሲያንስ ሲያንስ ከላይ የሚታየውን ጥርስ ያህል ወደ ሥሩ መግባት አለበት።»

«እሺ፣ አጥሮም ቢሆን ወፍራም ይሁና! ወፍራም ግንድ ማን ይነቀንቀዋል?»

«አይ፣ አይ!» አለች የትነበርሽ እጇን እያወዛወዘች። «ወፍራም እንዲገባ ሥሩን ከውስጥ መፈልፈል ይመጣል። ግድግዳው ይሳሳና አንድ ቀን ሥሩ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ያኔ እውነትም ከጉጠት በቀር መድኃኒት የለውም። የብረቱ ውፍረት ከሥሩ ውፍረት ሢሶውን ባያልፍ ነው የሚመረጠው። የሚይዘው ርዝመቱ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው እስከ ጫፉ ድረስ ይግባ!»

«ለእሱም ልክ አለው። ሐኪሙ ቦዩን ሲደፍን ጫፉን የዘጋበት አራት አምስት ሚሊ ሜትር ድፍን ሳይነካ መቅረት አለበት። የዚህ አገር ሰው ግድቡን ለምን ቀን ከሌት እንደሚጠብቅ ያውቁ የለ? ያ ድፍንም ጀርሙን የሚያግድ ግድብ ነው፤ ብረት አስገባለሁ ብሎ የሚያፈርሰው ሐኪም በሽታውን መልሶ ይጠራዋል። በብረቱና በድፍኑ መካከልም ባዶ ቦታ አይፈቀድም፤ ገጥመው መቀመጥ አለባቸው።»

«እንዴታ!» አሉ አቶ አድማሴ ሳያስቡት። «ከእንጨቱ ሥር ባዶ ጉድጓድ ከቀረ ውኃ ይቋጥርና ያበሰብሰዋል። ጠቅጥቆ ነው እንጂ!»

የትነበርሽ ሳቀች። ሽማግሌውም የሚከራከሩት ለእሷ መሆኑን ያወቁት ይኼኔ ነው።

ባቡሩ ዴልፍትን አልፎ ዴንሃግ ገባና ቆመ። አቶ አድማሴ ብድግ አሉ። አንድ እጃቸው የወንበሩን ጀርባ ይዟል፤ ሌላው ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ደብዳቤ ጨብጧል።

«ዋስትና ትሰጪኛለሽ?» አሉ ቆመው። «ይድናል ብለሽ ማይልኝ።»

«አልምልም» አለች የትነበርሽ። «ሥሩ ተሰንጥቆ ከሆነ እኔ ራሴ ነኝ የምነቅለው። የራጅ ፎቶ ሳያነሣ የሚምል ሐኪም አይመኑ። የምምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥሩ ጤነኛ ከሆነ መምህሬ አጠገቤ ቆማ እያየች በልኩ እተክለዋለሁ፤ እሑዱ ሳይደርስም ይጠናቀቃል። ሥሩን ዛሬ ካስነቀሉት ግን የሚመልሰው የለም። ቦታው እስኪድንና ድዱ እስኪረጋ፣ ከዚያም ሌላ ጥርስ በደንብ እስኪተካ ወራት ያልፋል። ብርነሽ እስከዚያ የለችም።»

አቶ አድማሴ በዕድሜያቸው ብዙ የማሉላቸው ሰዎች አይተዋል፤ አልምልም ያለቻቸው ግን ይህች የመጀመሪያዋ ናት። ስለዚህ አመኗት። ቁጭ አሉ፤ በሩ ተዘጋ፤ ባቡሩም ወደ አምስተርዳም ተንቀሳቀሰ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎች በመምህሮቻቸው ፊት በሚያክሙበት ክሊኒክ ውስጥ፣ ፎቶው ተነሣ። ሥሩ አልተሰነጠቀም። የትነበርሽ ማጣበቂያውን ፍቃ ካጸዳች በኋላ ወንበሩን አስተካከለችና ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ሰዓት አሳየቻቸው።

«የሰከንዷን ዘንግ ይከተሉ። ከዓይንዎ ከጠፋች እጅዎን ያንሡ፤ ወዲያው አቆማለሁ። የእኔን እጅ ግን እንዳይዙት።»

መሰርሰሪያው ጀመረ። ያ የታወቀ ንዝረት መጣ፤ ከጥርሱ ተነሥቶ አፍንጫቸውን አልፎ እስከ ዓይናቸው ሥር ደረሰ። የአቶ አድማሴ ቀኝ እጅ ከወንበሩ ላይ ጥቂት ከፍ አለ። አባታቸውና አያታቸው አንድ ላይ የጮኹባቸው መሰላቸው። ሰዓቱን አዩ፤ ዘንጓ ትሄዳለች። አሁንም አዩ፤ ትሄዳለች፤ ከሥሯ ያሉት ጥቃቅን ቁጥሮች ሳይቀሩ ይታዩአቸዋል። እጃቸው ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሥራው እስኪያልቅም አልተነሣም። የዚያ ዕለት ትልቁ ድል ይህ ነበር።

የትነበርሽ የቦዩን ልክ ወሰደች፤ ብረቱም በዚያ ልክ ተቀርጾ መጣ። በሳምንቱ ቦታው ገብቶ በትክክለኛው ሲሚንቶ ተጣበቀና አዲስ ጥርስ ለበሰ። መጨረሻ ላይ ሌላ ፎቶ ተነሣ። አቶ አድማሴ ፊልሙን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ወደ ብርሃኑ አንሥተውም የቀድሞ ሥራቸውን ያዙ።

«የብረቱ ርዝመት?»

«ዘጠኝ።»

«ከጫፉ ሳይነካ የቀረው?»

«አምስት።»

«በመካከል ክፍተት?»

«ይመልከቱት።»

ተመለከቱት። ነጩ መስመር ያለ አንዳች ክፍተት ከድፍኑ ጋር ገጥሟል። መምህሯ ሽማግሌው ምን እንደሚሉ ጠየቀች፤ ተተርጉሞላት ስትሰማም «ፈታኝ ሆነው ቢመጡ ተማሪዎቼ ይፈሯቸው ነበር» ብላ ሳቀች።

«ይኼ ተተክሏል!» አሉ አቶ አድማሴ ክሊኒኩ እስኪያስተጋባ ድረስ። ደብዳቤውንም አውጥተው እዚያው ቀደዱት።

እሑዱ ደረሰ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ ዞተርሜር በሚሄዱበት ጊዜ፣ ከመካከላቸው አንዱ አቶ ኣብራሃለይ፣ አቶ አድማሴ ጥፋታቸውን ሊናዘዙ ማሰባቸውን ሰምተው፣ ምጽዋ ላይ ሲሠሩ በለመዱት አማርኛ «ጥርስህ ደህና ከሆነ ልመናህን ጨርስና ተቀመጥ። በገዛ ራስህ ላይ ምን አስመሰከረህ?» ብለው መከሩ። ምክሩ ለክብር የሚበጅ ነበር። አቶ አድማሴ አመስግነው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በአቶ ባዩ ሳሎን ውስጥ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቧል። ብርነሽ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አቶ አድማሴ ሲነሡ የሰው ሁሉ ዓይን አፋቸው ላይ አረፈ።

«አቶ ባዩ» አሉ፣ «ልመናዬን ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ዕለት ጥርሴ የወደቀችው ገድ ስለሌለን አይደለም። ሐኪሙ በልኩ ሊተክልልኝ ሲል ዓይኔ ይጠፋል ብዬ እጁን የያዝሁት እኔ ነኝ። ስትወልቅም አፍሬ ወደ ሐኪም በመመለስ ፈንታ በሣጥን ማጣበቂያ ለጠፍኋት። የስልክ እንጨት ሲያጥር ሠራተኛ የምቆጣ ሰው የራሴን አሳጠርሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ወይዘሮ አበባይሽ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ።

«አሁን አንዲት የእኛ ልጅ፣ የተማረች፣ በልኩ ተክላልኛለች። ዓይኔ ይኸው ያያል። ዳቦዬን እገምጣለሁ፤ ቃሌም ሳይበላሽ ይወጣል። ከሁሉ ይልቅ የገዛ ሥሬ በቦታው ቀርቶልኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ከእኛ መካከል ጥርሱን በሻርፕ ሸፍኖ የሚኖር፣ እስኪመግል የሚጠብቅ፣ መዳን የሚችለውን በጉጠት የሚጨርስ ስንት ሰው አለ! ሐኪም ሲሠራ ይጠየቅ፣ ፎቶውን ያሳየን ይባል፣ የነገረንንም እንስማ እንጂ እጁን አንያዝ። ልጆቻችንንም ሳያማቸው እንውሰዳቸው።» ትንሽ ቆም አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አሁን ካቆምሁበት እቀጥላለሁ። ልጅዎን ብርነሽን ለልጃችን ለግርማ ይስጡልን ብለን ደጅዎ ቆመናል።»

እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ወጣች።

«ይህን ሁሉ ሳይነግሩኝ ልመናውን መጨረስ ይችሉ ነበር» አሉ አቶ ባዩ።

«እችል ነበር።»

«ለምን ነገሩኝ ታዲያ?»

«ዛሬ ዝም ብል ነገ ከነገ ወዲያ ልጆቹን አንድ ክፉ ነገር ባገኛቸው ቁጥር ‹የዚያች ጥርስ ነገር ነው› መባሉ አይቀርም። ነገሩ በትዳራቸው ላይ ተለጥፎ ከሚቀር እፍረቱን እኔ ልሸከመው ብዬ ነው።»

አቶ ባዩ ከወንበራቸው ተነሡ። መጀመሪያ ወደ እኅታቸው አዩ፤ ወይዘሮ አበባይሽ ዓይናቸውን ሰበሩ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ቀረቡና ሁለቱን እጆቻቸውን ያዙ።

«የገዛ ጥፋቱን በሰው ፊት የሚናገር ሰው ለልጄ ዋስ ይበቃታል» አሉ። «ሰጥቻለሁ!»

ወይዘሮ አበባይሽ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ብርነሽም ወግ ሳትጠብቅ ከወጥ ቤቱ በር ሮጣ መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች።